ቀይ ስም ያረፈበት ድንጋይ

«ነገ ሐሙስ ጠዋት ይቆረጣል፤ ቅዳሜ ሁሉም ነገር ያልቃል» አለ ቦሸንግ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ።

«ቅዳሜ?» አሉ እናቱ እማማ ሱዩዌ። «አልፈጠነም?»

«ምኑ ፈጠነ እማዬ? ስድስት ወር ሙሉ ስንፈልግ ከርመን!»

«ስድስት ወር» አሉ እማማ፣ ወደ እኔ ዞር ብለው። ሰማሽ አይደል የሚል አስተያየት ነው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወደቆመው ትልቅ ድንጋይ ተመለሱ። «ስፋቱስ ይበቃኛል?»

የድንጋይ ነጋዴው ጋሽ ኬ የሻይ ስኒውን እንደያዘ ሳቀ። «ይተርፍዎታል እንጂ! እርስዎ ትንሽ ሰው ነዎት። ከትራፊው ለመታጠቢያ ቤቱም የሚሆን ይወጣል።»

«መቃብሬ ውስጥ» አሉ እማማ ሱዩዌ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «መታጠቢያ ቤት ምን ይሠራልኛል?»

አሁን ቢሳቅም፣ በዚያች ደቂቃ በግቢው ውስጥ የሳቀ አልነበረም። የጋሽ ኬ ሻይ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

በእማማ አልፈርድም። በከተማችን በሹይቶው ውስጥ ድንጋይ የማይነካ እጅ የለም። ግማሹ ሰው ለኩሽና ይቆርጣል፣ ግማሹ ለመቃብር ይቀርጻል፣ እኔ ደግሞ ለሁለቱም የመሞረጃ ዲስክ እሸጣለሁ። ነጋዴ አንድ የድንጋይ ሰሌዳ ሲሸጥ፣ ሌላ እንዳይወስደው ብሎ የገዢውን ስም ይጽፍበታል። ጋሽ ኬም ጻፈ። ክፋቱ እጁ የገባለት ቀይ ቀለም መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ መቃብር ላይ የሟች ስም በወርቅማ ይቀባል፤ ቦታውን ቀድሞ ያዘጋጀ፣ ገና በሕይወት ያለ ሰው ስም ግን በቀይ። እንግዲህ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ በጫፉ ቆሞ፣ ደረቱ ላይ «ፓን ሱዩዌ» ተብሎ በቀይ ሲጻፍበት፣ የስሙ ባለቤት ምን ይበሉ?

ደግሞ ነገሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው የተበላሸው። ባለፈው ክረምት እማማ ምድጃው ጋ ከበርጩማ ላይ ወደቁ። ሟች ባላቸው የሠራው፣ ምድጃው ያረፈበት የግራናይት ጠረጴዛ ድሮ ልካቸው ነበር፤ ጠረጴዛው አላደገም፣ እሳቸው ናቸው በየዓመቱ እያነሱ የሄዱት። ከወደቁ በኋላ ምራታቸው ዌይጂን በርጩማዋን ወስዳ ደበቀችና «ምድጃው አጠገብ እንዳላይዎት» አለች። በደግነት ነበር ያለችው። ግን ሰባ ስምንት ዓመት የኖረች ሴት በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሩዝ ሲቀርብላት፣ ደግነቱን ከየት ታየዋለች? ጭራሽ ባለፈው ሳምንት ዌይጂን «ሹራብ ልሥራልዎት» ብላ በሜትር ለካቻቸው። ማታውኑ ሱቄ መጡና በሹክሹክታ «አንቺ ሜዪን፣ ከክርኔ እስከ መሬት ነው የለካችኝ። እስከ መሬት የሚደርስ ሹራብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ምናልባት ቀሚስ ይሆናል» አልኳቸው። እኔም ሞኝ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ሻንጣቸውን አምጥተው ከዲስክ ካርቶኖቹ ኋላ አስቀመጡ። ዣንግዦው ከተማ ወዳለችው ሴት ልጃቸው ሊሄዱና እዚያው ሊቀሩ ነው። ለቦሸንግ እንዳልነግር አስማሉኝ። እኔም አልነገርኩም። አፌ የማያርፍ መሆኑን ለሚያውቁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕ ቦሸንግ «እናቴን አንድ ድንጋይ ላሳያት፣ በባለሦስት እግሯ ሞተርሽ አድርሺልኝ» ሲለኝ፣ እሳቸው ከኋላዬ ተቀምጠው ወደ ጋሽ ኬ ግቢ መጡ።

«እማዬ! የኩሽና ድንጋይ ነው!» አለ ቦሸንግ፣ መቃብር የሚለውን ቃል እንደሰማ። «የድሮው ጠረጴዛ ሊነሳ ነው። ኳርትዛይት የሚሉት ጠንካራ ድንጋይ ነው፣ ከብራዚል የመጣ። እዪው ጅማቱን!»

ጅማቱስ ለማየት የተገባ ነበር። ነጩ ድንጋይ ላይ ማር የመሰለ መስመር ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ዘወር ዘወር እያለ ሌላው ጫፍ ድረስ ይሄዳል።

እማማ ግን ጅማቱን አላዩም። «የኩሽና ከሆነማ ስሜ ምን ይሠራል? ኩሽናው የሚስትህ ነው። የእሷን ስም ጻፉበት፤ እኔ እዚያ ቤት እንግዳ ነኝ።»

ቦሸንግ ወደ ጋሽ ኬ አየ። ጋሽ ኬ ወደ ሱሪው አየ። «በስልክ ‹በእናቴ ስም ያዝልኝ› ያለችኝ እኮ ዌይጂን ናት።»

ይህን ሲሰሙ የእማማ እጅ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ድንጋይ ሲወለውል የኖረ እጅ ነው፤ እማማ ቢኮሩም እሱ አይኮራም። መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አንሸራተቱ፣ በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው፣ ከዳር በኩል ባላቸው ኃይል ጫሩት። ጋሽ ኬ ዓይኑን ጨፈነ።

ጥቁር መስመር ወጣ። እማማ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ጠፋ፤ የቁልፉ ብረት ነበር እንጂ የድንጋዩ ቁስል አልነበረም።

«እውነትም ኳርትዛይት ነው» አሉ ቅር እያላቸው። «እብነ በረድ ቢሆን ቁልፌ ይበላው ነበር።»

«እማማ፣ በእኔ ግቢ ደግሞ የውሸት ድንጋይ…»

«ያንተን ግቢ ያወቅኩት አባትህ እያለ ነው። ዝም በል።» ከዚያ ጉድለት ፍለጋ ጀመሩ። ነጭነቱ ሆስፒታል ይመስላል። የአኩሪ አተር ሶስ ጠብ ቢልበት ከመንገድ ይታያል። ይህን ሲሉ ግን እጃቸው አሁንም ድንጋዩ ላይ ነበር።

ዌይጂን የደረሰችው ያን ጊዜ ነው፣ ከሥራ በቀጥታ፣ እያለከለከች። ከሰሜን ከሻንዶንግ የመጣች ረጅም ሴት ናት፤ በእኛ ሰፈር በር ሁሉ አንገቷን ደፍታ ነው የምትገባው። ከአማቷ ጎን ስትቆም መሰላልና ባልዲ ይመስላሉ። ቦሸንግ የሆነውን በአጭሩ ሲነግራት ፊቷ ቀላ፤ ስታፍር ነገር መሸፋፈን ስለማትችል ቦርሳዋን ከፍታ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች።

«የሹራቡ ልክ ነው» አለች።

ወረቀቱ ላይ የኩሽና ሥዕል አለ። ጠረጴዛው ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ መሀሉ ላይ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ከፍ ባለው በኩል ዘጠና፣ ዝቅ ባለው በኩል ሰባ አምስት ሴንቲሜትር ተጽፏል።

እማማ ወረቀቱን አርቀው ያዙት። «ይሄ ዘጠናው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ዕቃ ማጠቢያው እዚያ ጋ ነው።»

«ዝቅ ያለውስ?»

«ምድጃው ነው» አለች ዌይጂን። «በርጩማ አያስፈልገውም። ከክርንዎ ላይ ነው ያሰላሁት።»

እማማ ሱዩዌ ወረቀቱን አላወረዱም። «አንቺስ? እዚያ ምድጃ ላይ ብታበስይ ወገብሽ ይቆረጣል።»

«እኔ ምን አበስላለሁ? ስድስት ወር ሙሉ የእኔን ምግብ የበላው ልጅዎ ምን ያህል እንደከሳ አያዩም?»

ቦሸንግ «አልከሳሁም» ሊል ነበር። ከወገቡ ወርዶ ጫማው ላይ የተኛ ሱሪው ግን መሰከረበት።

«መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

«ብነግርዎት እምቢ ይሉኝ ነበር። ‹ለእኔ ሲባል ድንጋይ አይቆረጥም› ይሉ ነበር።»

ትክክል ነበረች። ጋሽ ኬ ግን ጊዜ የማያውቅ ሰው ነው፤ ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ደረጃ ከገባበትማ አዝናለሁ። እንዲህ ያለ ጅማት መሀሉ ላይ ተቆርጦ ሊሞት ነው። ለደረጃ ከሆነ ያንን ግራጫውን ውሰዱ።»

«ማን ነው የሚሞተው?» አሉ እማማ። «ቀለሙን አምጣ።»

ቀዩን ቀለም ተቀበሉ። እስከሚደርሱበት ድረስ በእግር ጣታቸው ጫፍ ተንጠራርተው ሰሌዳው ላይ ከታች ወደ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከእሱ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ሌላ። የላዩ ጫፍ ሲያቅታቸው ዌይጂን እጃቸው ላይ እጇን ደርባ ቀሪውን አብራ ሳበችው።

«እየው» አሉት ጋሽ ኬን። «ይህቺ መሀለኛዋ ቁራጭ ደረጃው ላይ ወደ ታች ትቆማለች። መጋጠሚያው እንዳይታይ ጠርዞቹን በሰያፍ ቁረጣቸው። ጅማቱ ከእሷ ማጠቢያ ይነሳል፣ በደረጃው ይወርዳል፣ ወደ እኔ ምድጃ ይገባል። የት ተቆረጠ?»

ጋሽ ኬ ራሱን አጋድሎ ለረጅም ጊዜ አየ። «አልተቆረጠም» አለ።

እማማ «ወደ እኔ ምድጃ» ማለታቸውን ቦሸንግ የሰማ አይመስለኝም። ዌይጂን ሰምታለች፤ ፊቷን ግቢው ውስጥ ወዳለው የድንጋይ ማንሻ ክሬን አዙራ አፍንጫዋን ጠረገች።

ጋሽ ኬ እርጥብ ጨርቅ ይዞ መጣ። «ይቅርታ እማማ፣ ስሙን ላጥፋውና በሰማያዊ ልጻፈው። አሟርቼብዎታለሁ።»

«ተወው» አሉት። «ቀይ ማለት ገና አለች ማለት አይደል?»

ሻይ እንደገና ተቀዳ። ሁሉም ሲስቅ እኔም አፌ አላርፍ አለኝ፤ መሐላዬን ረስቼ «ታዲያ እማማ፣ ሱቄ ያለውን ሻንጣ ዛሬ ላምጣልዎት?» አልኩ።

ቦሸንግና ዌይጂን እኩል ዞሩ። «የምን ሻንጣ?»

እማማ ሱዩዌ ሻያቸውን ፉት አሉ፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩ።

«እዚያው ይቆይ» አሉ። «ዕቃ አጠባዋን ገና አላየሁም።»