የኢዶሳ ካምቢዮ

የሰደበኝ ኢዶሳ ጃርሶ ነው፤ የሚስቴ የሎሚ ታላቅ ወንድም። ዓመቱ 2001 ዓ.ም.፣ ቦታው ገሰራ፣ የአማቴ ተዝካር ላይ፣ ዳስ ውስጥ። ሟቹ የተዉት የውሃ ሞተር አልነሳ ብሎ ስለነበር አንዱ ሽማግሌ «አማቻችሁ መካኒክ አይደለም እንዴ? ባዳሳ ይየው» አሉ። ኢዶሳ የያዘውን ጣሳ እንኳን ሳያስቀምጥ «ለእሱ? ለእሱ አህያ አትስጡት፤ ፈታቶ ነው የሚመልስላችሁ» አለ። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ቄሱ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እስከ ዛሬ ገሰራ ገበያ ስወጣ «አባ ሀሬ» የሚለኝ አይጠፋም፤ የአህያው አባት መሆኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ። ታላቄ ስለሆነ አንቱ እለዋለሁ፤ እሱ አንተ ይለኛል። በራሴ ሠርግ ጊዜም ቢሆን «ናፍጣ የሸተተ ሁሉ ይግባ እንዴ?» ብሎ ሚዜዎቼን በር ላይ ያቆማቸው እሱ ነው። ሎሚ ይህን ረስታዋለች። ሎሚ ብዙ ነገር ትረሳለች፤ እኔ እይዝላታለሁ።

ባለፈው ጥር የበኩር ልጃችን ሴና ልትዳር ሆነ። በሎሚ ቤተሰብ ሴት ልጅ ስትዳር የእናቷ ወንድም፣ አቡያ የሚሉት፣ የሠርጉን ማር ያመጣል። ማሩን ይዞ ይመጣና ይመርቃታል። አቡያ ያልመረቃት ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው ከቤት የምትወጣው። ኢዶሳ ደግሞ ሽማግሌ ሲላክበት «አስብበታለሁ» ብቻ ብሎ መልሷቸዋል። ሎሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

«ምናልባት ካገኘኸው፣ ምንም ቢልህ ዋጠው» አለችኝ። «ለእኔ ብለህ አይደለም። ለሴና።»

«እስካሁን ስንቱን ዋጥኩ?»

«አንድ ጨምር።»

እኔስ እውነቱን ለመናገር ባይመጣ ደስታዬ ነበር። ባይመጣ ሰው ሁሉ ማንነቱን ያውቅልኝ ነበር። ግን ልጅቷን ሳያት፣ ማታ ማታ እናቷን «አቡያ ላከ?» እያለች ስትጠይቅ ስሰማ፣ ደከመኝ። እሺ አልኩ።

ወዲያው ራሱ በእግሩ መጣልኝ። ኢዶሳ ጎባ የሚኖር የስንዴ ነጋዴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያመጣት ነጭ አውቶማቲክ መኪና አለችው፤ ከፍ ያለች፣ ተራራ የምትወጣ። እኔ የምሠራበት የአብዱልመሊክ ጋራዥ ሮቤ ውስጥ ብቻውን አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚደፍር ስለሆነ ወዴት ይሄዳል? መኪናዋ እያቃሰተች ገባች። ወርዶ ዙሪያውን ቃኘ፤ እኔን አልፎ አየ።

«አብዱልመሊክ የለም?»

«እንደምን አደሩ፣ ኦቦ ኢዶሳ። ጎሮ ሄዷል፣ ከሰዓት ይመለሳል።»

«ከሳኔቲ ተራራ ስወርድ ነው የጀመራት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀረች፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። መብራቱም በራ።»

ዝም ብዬ አብዱልመሊክን ብጠብቅ ምን ነበረበት። እኔ ግን ከፈትኩና የካምቢዮውን ዘይት አየሁ፤ ጠቁሯል። ዘይት ነው አልኩ። ዘይቱን ቀየርኩ። ነዳኋት፤ ያው ሦስተኛ። አብዱልመሊክ መጥቶ የመመርመሪያ ማሽኑን ሲሰካ ጉዳዩ ሌላ ሆነ።

«ኮምፒውተሯ ነው» አለ። «ካምቢዮው ደህና ነው፤ ማርሽ ቀይር ብሎ የሚያዘው ሳጥን ነው የሞተው። ሌላ ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ ማስመጣት ነው። አብሽር፣ ይገኛል።»

ኢዶሳ ወደ እኔ ዞረ። «ይኸኛው ደግሞ ዘይት ሲያጠጣት ዋለ። ራሷን ያመማትን ሴትዮ እግሯን ያሻል።»

ዋጥኩ። ሎሚ አንድ ጨምር ብላኝ ነበር፤ አንዱ ይኸው ነው ብዬ ቆጠርኩት። ሳጥኑ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ እስኪመጣ መኪናዋ ጋራዡ ጥግ ቆመች፤ የጥር አቧራ ሲያለብሳት ሰነበተ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ጎባ ሄዱ። ኢዶሳ «መኪናዬ ትዳን መጀመሪያ» አለ አሉ።

ሳጥኑ የደረሰ ጠዋት ባትሪውን ነቅለን የአሮጌውን ቦታ ልንከፍት ገባን። በዚያች መኪና ሳጥኑ የሚቀመጠው ከጋቢናው ወንበር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ነው። ወንበሩን ፈታሁና ምንጣፉን ሳነሳ ምንጣፉ አልነሳም አለ። ተጣብቋል። ጎትቼ ስገነጥለው እጄ ተለወሰ። ሳጥኑ፣ ሶኬቱ፣ ገመዶቹ፣ ሁሉም ቡናማ ነገር ውስጥ ተነክሯል፤ ጉንዳን ደግሞ በሰልፍ ይገባል፣ ይወጣል።

አብዱልመሊክ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ንብ ያረባል እንዴ?»

ጣቴን ቀመስኩት። የጫካ ማር ነው፣ ከሳኔቲ ማዶ ካለችው ከሪራ የሚመጣው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር የሚለው። ወደ ኋላ ዞሬ ሻንጣ ማስቀመጫውን ከፈትኩ። በአዲስ ነጠላ የተጠቀለለ ጄሪካን አለ። ነጠላው ማር ጠጥቷል፣ ጄሪካኑ ጎድሏል፣ ሆዱ አብጧል።

የሆነው ገባኝ። ከሪራ ሲነሳ ጄሪካኑን ኋላ አልጣለውም። ጋቢና፣ ከጎኑ፣ እንደ እንግዳ አስቀምጦታል። ሳኔቲ ላይ ከፍታው ሲጨምር ጄሪካኑ አብጦ ክዳኑን ገፋው፤ ማሩም በወንበሩ ሥር ወርዶ ሳጥኑን አሰከረው። ካየ በኋላ ጠራርጎ ወደ ኋላ ወሰደው። ለራሱ የሚበላውን ማር ማን በአዲስ ነጠላ ይጠቀልላል? ሽማግሌዎቹን «አስብበታለሁ» ያለ ቀን፣ ወይ ከዚያም በፊት፣ ሪራ ድረስ ወርዶ የሴናን ማር ገዝቷል። ሊመጣ ኖሯል። እኛን ደጅ እያስጠናን፣ ሎሚን እንቅልፍ እየነሳ፣ ሊመጣ!

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሰውየውን የምጠላበትን ነገር ከእጄ የነጠቀኝ ነው የመሰለኝ።

«አብዱ» አልኩት። «ማሩን እንዳታነሳበት። ከጠየቀ እርጥበት ነው በለው።»

«ለምን? ጥፋቱ የራሱ ነው እኮ! ንገረውና እፎይ በል፣ ወላሂ።»

«ማሩ ለልጄ ነው። ይህን ሰውዬ አታውቀውም፤ አንዴ ከተሳቀበት ማሩን እዚሁ ደፍቶት ነው የሚሄደው።»

አብዱልመሊክ ራሱን ነቀነቀና ጨርቅ አቀበለኝ። ሶኬቱን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በጥርስ ብሩሽ ጠራረግሁት። በኮምፕረሰር አደረቅነው። አዲሱን ሳጥን አሰርን፤ አብዱልመሊክ በማሽኑ ከመኪናዋ ጋር እስኪያስተዋውቀው ድረስ እኔ ጄሪካኑን አወጣሁና ክዳኑን ላላ አድርጌ አስተነፈስኩት፤ ገላውን አጠብኩት፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ነጠላውን መልሼ ጠቀለልኩበት። ለእሱ ብዬ አይደለም።

ኢዶሳ ከሰዓት መጣ። ሁለት የስንዴ መኪና ሾፌሮች አስከትሏል፤ ብቻውን መሄድ አይወድም። መኪናዋን አስነስቶ እስከ ጎባ መውጫ ነዳትና ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ማርሹ እንደ ቅቤ ይቀያየራል።

«ምን ነክቷት ነበር?» አለ፣ አብዱልመሊክን።

አብዱልመሊክ እኔን አየኝ። «እርጥበት ነው፣ ኦቦ ኢዶሳ።»

 የኢዶሳ ዓይን ወደ ጋቢናው ወንበር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። የሻንጣውን በር ከፈት አድርጎ ነጠላውን ዳሰሰና ዘጋው። እንዳወቅን አወቀ መሰለኝ። ፊቱ ጠቆረ። ይህን ጊዜ አመሰግናለሁ የሚል ሰው አለ፤ ኢዶሳ ግን ሲታወቅበት የሚናከስ ነው።

«ለሴና እመጣለሁ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ። «ለእህቴ ልጅ ነው የምመጣው፣ አንተን ብዬ አይደለም። ደግነቱ ልጅቷ እኛን ወጥታለች። መልኳም፣ ጭንቅላቷም የእኛ ነው። አንተን ብትወጣ ኖሮ፣ ባዳሳ፣ እንኳን ባል፣ ዕድርም አይቀበላትም ነበር!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አንደኛው ጎማውን በእግሩ እየመታ ነበር የሚስቀው።

መልስ ነበረኝ። ተዝካሩ ላይ ያጣሁት መልስ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አልጋዬ ላይ ስፈልገው የኖርኩት መልስ፣ አሁን ምላሴ ላይ ቁጭ ብሏል፤ «መኪናዎን የገደለው ማርዎ ነው» ማለት ብቻ። ሾፌሮቹ እስከ ዶዶላ ያወሩበት ነበር። አብዱልመሊክ እንኳን በዓይኑ «በለው» እያለኝ ነው።

ኢዶሳ ጠበቀኝ። እጁ የሻንጣው በር ላይ ነበር፤ ከማሩ በላይ።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ኮቴን ከሚስማሩ አነሳሁ፣ በእሱና በሾፌሮቹ መሃል አልፌ በአቧራው መንገድ ወደ ቤት ሄድኩ።