የጆንያው ጊዮርጊስ

መምህርት ምኞት ሩዝ ስትገዛ ሁልጊዜ እፍኝ ዘግና ጠጠር ትፈልጋለች። ያን ቀንም ወረታ ገበያ ጎንበስ ብላ እጇን ጆንያ ውስጥ እንደከተተች፣ ዓይኗ ሻጯ የተቀመጠችበት ሌላ ጆንያ ላይ ዐረፈ። ከሴትዮዋ ቀሚስ ሥር አንድ ነጭ ፈረስ አንገቱን አውጥቷል። አንገቱ ላይ ቡናማ የውኃ መስመር ወርዷል።

“እስኪ አንዴ ተነሽልኝ፣ እናቴ።”

“ምነው፣ ይኸኛው ሩዝ አልጥም አለሽ?”

“ሩዙስ ደኅና ነው። አንዴ ብቻ ተነሽ።”

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ከነጦሩ ጆንያው ላይ ታትሟል፤ ከበላዩ «ምርጥ የፎገራ ሩዝ፣ ሃምሳ ኪሎ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን የጊዮርጊስ ስዕል ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ምኞት ግን ያን የውኃ መስመር ታውቀዋለች፤ የዋንዛው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አፍስሶ ስዕሉ ላይ የተወው ነው። ከፈረሱ እግር ሥር በግንባራቸው የተደፉትን ሽማግሌም ታውቃቸዋለች። ድሮ ስዕሉን ያሠሩት ሰው ናቸው፤ ግማሹ መንደር ከእሳቸው እወለዳለሁ ይላል። ፎቶውን ያነሣችው ደግሞ ራሷ ምኞት ናት።

ያነሣችው በግንቦት ነው። ከደሴ ተቀይራ የመጣች የታሪክ አስተማሪ ናት። የመማሪያ መጽሐፉ ስዕል ጥላሸት እንጂ ስዕል አይመስልምና፣ ተማሪዎቿ የአገራቸውን እያዩ ቢማሩ ብላ ቄስ በላቸውን ለመነች። ቄስ በላቸው ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት ከእጃቸው አልወጣም። “ለልጆቹ ማስተማሪያ ብቻ ከሆነ ጊዮርጊስም አይቀየም” ብለው፣ ማንንም ሳያማክሩ መጋረጃውን ገለጡላት።

ትምህርቱ ሰመረ። ከዚያ ደግነት ይዟት ፎቶዎቹን የታሪክ መምህራን የቴሌግራም ቻናል ላይ ለቀቀቻቸው፤ ሌላውም ያስተምርበት፣ የሚያጠናም ያጥናበት ብላ። ከሥሩ «በነጻ ተጠቀሙ፤ ላልደረሰው አድርሱ» ብላ ጻፈች። ሰው መልካም የሠራ ሲመስለው ብዙም አያስብም፤ ምኞትም አላሰበችም።

ሩዙን ትታ በቀጥታ ወደ ሰውመሆን ወፍጮ ቤት ሄደች። ሰውመሆን ሩዝ የሚያስፈለፍል ነጋዴ ነው፤ ስሙ ጆንያው ላይ አለ። ግቢው ውስጥ ሠራተኞች በተከመረው ጆንያ ላይ እየተረማመዱ መኪና ይጭናሉ። ምኞት ከእግራቸው ሥር ያለውን ጊዮርጊስ እያየች ሰውመሆንን ጠየቀችው።

“ይህን ስዕል ማን ሰጠህ?”

“አታሚው ነዋ። ባሕር ዳር ያለው ልጅ ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ። የፎገራ ጊዮርጊስ ነው ሲለኝ፣ ለበረከት ይሆናል ብዬ እሺ አልሁ።”

“ይረገጣል እኮ፣ ሰውመሆን።”

ሰውመሆን ወደ ክምሩ ዞሮ አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲረግጥ የኖረ ሰው፣ ለካ እስከዚያች ደቂቃ ይህ ትዝ አላለውም። ሠራተኞቹን ጮኾ አስወረዳቸው።

“ባለቤቱ ይቆጣ እንደሆን ብዬ ጠይቄው ነበር እኮ” አለ ስልኩን እያወጣ። “ይኸው፣ በዚህ ነው ያመንሁት።”

«በነጻ ተጠቀሙ፤ ላልደረሰው አድርሱ።» ስሟ የለበትም፤ የሚታየው የቻናሉ ስም ብቻ ነው። ምኞት የራሷን ቃል ከሰው ስልክ ላይ ስታነብ ክው ብላ ቀረች።

“የወጣውን እሰበስባለሁ፣ የቀረውን አላወጣም” አለ ሰውመሆን። “አንች ግን ምን እንዲህ አስደነገጠሽ?”

በባጃጅ እስከ ኮረኮንቹ መጨረሻ ሄዳ፣ ከዚያ በእግሯ የታጨደውን የሩዝ ማሳ አቋርጣ ዋንዛው ጊዮርጊስ መንደር ደረሰች። ቄስ በላቸው ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳለመች።

“ነይ ልጄ፣ ተቀመጭ” አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። ጆንያው ቀድሟት ነበር። ከትናንት ወዲያ አንድ ገበሬ ከወረታ ይዞት መጥቶ መንደሩ ተናውጧል። “ስዕሉን ሸጠዋል አሉኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካ ጉባኤው ፊት ቁልፉን አስረክባለሁ።”

“እኔ ነኝ፣ አባቴ። የሸጠውስ የለም። እኔ ለመምህራን ላክሁት፣ ከዚያ…” ከዚያ ያለውን እንዴት እንደምታስረዳቸው ጠፋት።

“ለስንት መምህር ላክሽው?”

“ቁጥሩን አላውቀውም።”

“ስዕሉ መጋረጃ አለው። የሚሳለም ሲመጣ እገልጣለሁ፣ ሲሄድ እመልሳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው። አንች የገለጥሽውን አሁን ማን ይመልሰው?”

ምኞት አለቀሰች። እፍረት ነው ያስለቀሳት።

“ተይ፣ አታልቅሽ። ስምሽን አላነሣሁም፤ አንችም እንዳታነሽ። እኔ እንደሁ አርጅቻለሁ። አንችን ካወቁ ግን ሁለተኛ አስተማሪ የሚባል በዚያ በር አይገባም። ልጆቹ ምን በወጣቸው?”

ይህ ነው የባሰባት። ብትናገር በሩ በተማሪዎቿ ላይ ይዘጋል፤ ዝም ብትል እኒህ ሰው ስዕል ሻጭ ተብለው ይቀበራሉ። ተነሥታ ተመለሰች። ባጃጁ ውስጥ ሆና ፎቶዎቹን ከቻናሉ አጠፋች። ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አይቷቸዋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ተሰበሰበ። ባዶውን ጆንያ መሬት እንዳይነካ አንድ አዛውንት ታቅፈውታል። ጸሐፊው ማረው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

“ቄሰ ገበዝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንጠይቅዎ” አሉ ሊቀ መንበሩ አቶ ተገኘ። “ስዕሉን ለማን ሰጡት?”

“መጋረጃውን የገለጥሁ እኔ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም።”

“እንግዲያው ቁልፉን ያስረክቡና።”

ቄስ በላቸው ቁልፉን ከአንገታቸው ሊያወጡ ሲሉ ክሩ ጥምጣማቸው ላይ ተያዘባቸው። ሊረዳቸው የተነሣ የለም።

ምኞት ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። ቄስ በላቸው አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ፎቶውን ያነሣሁ እኔ ነኝ” አለች። “እሳቸው ለልጆች ማስተማሪያ ብቻ ብለውኝ ነበር። ቃላቸውን አፍርሼ የበተንሁት እኔ ነኝ።”

“ልጄን የምታስተምረው እኮ ናት” አለች አንዲት እናት ከኋላ። አቶ ተገኘ ቁልፉን ትተው ወደ ማረው ዞሩ። ማረው ብዕሩን እንደያዘ ምኞትን ቀና ብሎ አያት፤ አዝኖላታል።

“አንዲት እንግዳ ሴት ብዬ ልለፈው?” አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ምኞት ካሴ ብለህ ጻፍ።”

ጻፈ።

“ከፊቱ መምህርት የሚለውንም ጨምርበት” አለችው።