ወንዛዬን የጠጣች መኪና

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ውሸት ብትገኝበት የቁሐሩ ሚካኤል ይፍረድ፤ የፎገራ ሜዳም በጥር ፀሐይ በጎርፍ ይዋጥ። የዚህ አገር ሰው ነገር ማጋነን አይወድም፤ ቢተው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸ፤ እሱንም ሰው ሳይሰማ አርሞታል።

ቢተው የቁሐር ገበሬ ነው። ሁለት በሬዎች ነበሩት። ሲያገሱ ጣና ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ነጎድጓድ መስሎት ታንኳውን ወደ ዳር ይቀዝፍ ነበር። እነዚያን በሬዎች ሸጦ ከባሕር ዳር አንዲት ያገለገለች ፒክአፕ ገዛ። የሸጠለት ድርጅት የራሱ ጋራዥ ስለነበረው የስድስት ወር ዋስትና ሰጠው፦ በራሷ ችግር ከተበላሸች በነፃ ይጠግኑለታል። የቢተው ሐሳብ በአጨዳው ወራት የመንደሩን ሩዝ ከአውድማ ወደ ወረታ መፈልፈያ እያመላለሰ፣ ክረምት ሳይገባ በሬ መልሶ መግዛት ነው። መኪናዋ ከቆመች ግን በሬም የለው፣ መኪናም የለው።

ሚስቱ ትርሲት ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ አለች።

«በሬ ሲታመም እናውቃለን። ይህችስ ስትታመም?»

«እንደ በሬ አክማታለሁ!» አለ ቢተው።

አልዋሸም፤ አከማት። ባለፈው ዓመት ወገቡን ሲያመው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ተሸክመው ወስደውት ነበር። ሲመለስ የተሸከሙትን ሰዎች እሱ ተሸክሟቸው ነው የመጣ። እና መኪናዋን በገዛ በሳምንቱ ነገሩን አሰላሰለው። ሞተር ቀኑን ሙሉ የሚደክም ለምንድን ነው? ውኃ ሲያፈላ አይደለም? ታዲያ የፈላውን ብሰጣትስ? ጀሪካኖቹን ጭኖ ወንዛዬ ወረደ፤ ራዲያተሯን በፍል ውኃው ጢም አድርጎ ሞላ፤ በጎደለ ቁጥርም ከዚያው ይጨምርላት ጀመር። መኪናዋ ጤና አገኘች። ሐሙሲት ላይ ጥሩምባዋ ሲሰማ እሷ ወረታ ደርሳ ነበር።

አጨዳው ተጀምሮ ገና ሩዙ አውድማ ላይ ሳለ ግን፣ አንድ ረፋድ ቁሐር ሜዳ መሐል አፏን ከፍታ ተነፈሰች። እንፋሎቱ ሰማይ ደረሰ፤ እስቴ ድረስ ያሉ ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው የተሰጣ እህላቸውን አስገቡ። ከዚያ ዝም አለች። ገፍተው ግቢው አደረሱለት።

ቢተው ጋራዡ ደወለ።

«መኪናዋን ይዘዋት ይምጡ፣ አባቴ» አሉት።

«በእግሯ መምጣት ብትችል ምን አስደወለኝ?»

«እዚህ ካልመጣች ዋስትናው አይሠራም።»

ይህን የሰማ ጎረቤቱ ዘመነ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ቢተው! መኪናህ አረገዘች እንዴ? ተኝታ መነሣት አቃታት እኮ!» አለው። የቢተው ዓይን ባዶው ጋጥ ላይ ዐረፈ፤ ቀንበሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ወዲያው ግን ወገቡን በመቀነት ጠበቅ አደረገና፣ «ወይ ትነሣለች፣ ወይ እኔም እዚያው እተኛለሁ!» አለ።

ጎረቤቱ አለኸኝ በሬ የማያጣ ሰው ነው። ቢተው ከእሱና ከዘመዶቹ ስምንት ጥማድ በሬ ለመነ፤ ቀንበር በቀንበር አያይዞ መኪናዋን በሰንሰለት ጠመዳት። በሬዎቹ አንዴ ሲስቡ ምድር ተንቀጠቀጠች። የጉማራን ድልድይ ሲሻገሩ ወንዙ ዝም ብሎ አሳለፋቸው። ሐሙሲት ላይ ገበያተኛው ገበያውን ትቶ በእልልታ ሸኛቸው። የአባይ ድልድይ ላይ ጉማሬዎች ብቅ ብለው አዩና፣ አፍረው ተመልሰው ጠለቁ። ትራፊክ ፖሊሱ ሊያስቆም እጁን አነሣ፤ በሬዎቹን ሲያይ ግን በዚያው እጁ ሰላምታ ሰጠ። ቢተውም መሪውን ይዞ፣ በመስኮቱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጋራዡ በር ላይ ደረሰ።

ከረባት ያሰረ ወጣት ኃላፊ ወጣ።

«አባቴ፣ ዛሬ ወረፋ ሞልቷል። ነገ ይመለሱ።»

«ነገ የምትላት እዚሁ መጥታ ታገኘኛለች» አለ ቢተው፤ ከበሩ ላይም ተቀመጠ። በሬዎቹ የድርጅቱን ሣር፣ አበባና ማስታወቂያ በልተው ወደ ቢሮው መጋረጃ ሲሸጋገሩ ወረፋው በድንገት ተገኘ።

ራዲያተሯ ሲፈታ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። የፍል ውኃው ጨው ነው። ለአንድ ደብር አጥር ይበቃ ነበር።

«ምን ውኃ ነው ያደረጉባት?»

«የወንዛዬ። ከዚያ የተሻለ ካለህ አምጣ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ የመኪናዋ አይደለም። ዋስትናው ይህን አይመለከትም።»

ቢተው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ስማኝ ልጄ። እኛ በሬ ስንሸጥ ዝም ብለን ገመዱን አናቀብልም። ይዋጋል፣ በግራ ነው የሚጠመድ፣ ጭቃ ያለበት ውኃ አይጠጣም ብለን፣ ጠባዩን ነግረን ነው የምናስረክብ። ያልነገርነው ጠባይ ቢወጣበት ተመልሶ ለእኛ ነው። አንተ ይህችን ስታስረክብ ምን እንደምትጠጣ ነግረሃል?»

የኃላፊው ከረባት ራሱ ተፈታ። መካኒኮቹ አጨበጨቡ። አዲስ ራዲያተር በሁለት እጅ ተይዞ መጣ፤ መኪናዋም ተነሣች፤ ቢተው በሬዎቹን ከኋላ ጭኗቸው ተመለሰ። አሥራ ስድስቱንም።

ይህን ሁሉ ቢተው የተረከው ወረታ ውስጥ፣ ሩዝ መፈልፈያው ደጅ፣ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው። መኪናዋ የቁሐርን ሩዝ እንደጫነች ከጎኑ ቆማለች፤ ትርሲት አንዱ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«አያ አለኸኝ፣ በሬዎችህ አባይን ሲሻገሩ አልፈሩም?» ብሎ ዘመነ ጠየቀ።

አለኸኝ መሬት መሬት አየ። «የእኔማ… ያን ሰሞን አውድማ ላይ ነበሩ።»

«መኪናዋስ?»

ትርሲት ዓይኗን ከእንዝርቷ አላነሣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገች።

«መኪናዋም ከግቢ አልወጣች። ራዲያተሩን አለኸኝ ፈታልኝ፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወሰድሁት። ነገ ነይ ሲሉኝ ከደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥጤን መፍተል ጀመርሁ። ባዘቶው ሳያልቅ አዲሱን ሰጡኝ። የበሬውን ጠባይ ነገር ያልሁትም እኔ ነኝ።»

ዘመነ ወደ ቢተው ዞረ፤ ቢተው የመኪናዋን ጎማ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል።

«እሱስ የት ነበር?»

«ወገቤን ብሎ ወንዛዬ» አለች ትርሲት፣ ክሩን እያጠነጠነች። «እስከ አንገቱ።»