ከየት እስከ የት ተሸከምክ

ገደፋው ጂፗን የገዛት በተዝካር በሬ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ከቡሬ እስከ ፈጠም ወንዝ ድረስ አልነበረም፤ የሰማውም ሁሉ ከራሱ ጥቂት ጨምሮበት ነው ለሌላው ያቀበለው። እውነቱ ግን አጭር ነው። ሚስቱ ያይኔአበባ በጥቅምት ሞተች። ለአርባዋ ይታረዱ ተብለው ሁለት በሬዎች ሲቀለቡ ሰነበቱ። አርባው ሲቃረብ ገደፋው በሬዎቹን ነድቶ ቡሬ ገበያ ወጣ፤ ሲመለስ አረንጓዴ፣ የሸራ ጣሪያዋ የተቀደደ፣ አንዱ በሯ በጠፍር የታሰረ ትንሽ ጂፕ እየነዳ መጣ። ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው፤ በዚያ አጥቢያ እንኳን መኪና ጋሪ ያለው ሰው አልነበረም።

የሸጠለት ዓለምብርሃን የሚባል የቡሬ እህል ነጋዴ ነው። እሱም ከመንገድ ሠራተኞች ነበር የገዛት። ገደፋው ከማግባቱ በፊት በመንገድ ሥራ ካምፕ ሾፌር ስለነበረ የመኪና ነገር አይጠፋውም። ባትሪዋ የሞተ መሆኑን፣ ፍሬኗ ሁለት ጊዜ ካልተረገጠ እንደማይዝ፣ ራዲያተሯ እንደሚያፈስ ገና ሲያያት አወቀ። አንዱንም አልተናገረም። ነጋዴው ትንሿ ማርሽ ስትገባ አራቱም ጎማ እንደሚጎትት፣ በቅሎ የማትወጣውን ዳገት እንደምትወጣ ምሎ ተገዝቶ ሲያወራ ዝም ብሎ ሰማውና የጠራውን ዋጋ ከፈለ። የማይከራከር ገዢ ጎጃም ውስጥ አይቶ ስለማያውቅ ዓለምብርሃን ፈራ፤ ነገሩ እንዳያስጠይቀው ብሎ አንድ ትርፍ ጎማ መረቀለት።

አሁን ያይኔአበባ እንዴት እንደሞተች መንገር አለብኝ፤ ያለዚያ ጂፗም ተዝካሩም አይገባም።

ንዳድ ያዛት። አልለቅ ሲላት የአጥቢያው ወንድ በቃሬዛ ተሸክሟት ወደ መኪናው መንገድ ጉዞ ጀመረ። በዚያ አገር የቃሬዛ ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አያፈርሰውም። በሽተኛ የተሸከሙ ሰዎችን መንገድ ላይ ያገኘ፣ ለገበያም ይሂድ ለሠርግ፣ ዞሮ ትከሻውን ሳያስገባ አያልፍም። ገደፋው ግን የዚያን ዕለት ትከሻውን አላስገባም። የመኪና ሰው እሱ ነውና ቀድሞ ሮጦ ጭነት መኪና እንዲያስቆም ላኩት። ሮጠ። ጥርጊያው መንገድ ዳር ካለችው ግራር ሥር ቆሞ ሐኪም ቤት ወዳለበት ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መኪና አስቆመ፤ ሾፌሩን ለመነው፤ ሾፌሩም ደግ ሰው ነበርና ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ሰዎቹ ደረሱ። ቃሬዛውን ከግራሯ ሥር በጣም ቀስ ብለው አወረዱት፤ ባርኔጣ ያደረገውም ባርኔጣውን አወለቀ። ሾፌሩም የሚጭነው በሽተኛ እንደሌለ ገብቶት ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ገደፋው እንደተኙበት ክንድ ሆነ፤ አለ፣ ግን አይሰማም። በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። አስለቃሿ የያይኔአበባን ሙያና ቁመና እያነሣች አገር ምድሩን ስታላቅስ፣ እሱ የሴትዮዋ የነጠላ ጥለት መተርተሩን ነበር የሚያየው። ሰው እያየው ነበር። ባል ሆኖ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው ምን እንደሚባል ለጎጃሜ አይነገረውም።

የያይኔአበባ እናት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቆብ ደፍተው የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ከቀብሩ በኋላ እንደ አጥቢያው ልማድ የተሸከሙትን ወንዶች አንድ በአንድ ወደ ፊታቸው አስጠሩ። «ከየት እስከ የት ተሸከምክ?» ይላሉ። ሰውዬው «ከሾላው እስከ ምንጩ» ይላል፤ «ትከሻህ አይድከም» ብለው ይመርቁታል። መንገዱ እንዲህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሰው ስም ይሞላል፤ የሞተው ሰው ሜዳ ላይ እንዳልተጣለ የሚታወቀው በዚህ ነው። ገደፋው ተራው ደርሶ ቆመ። ጠየቁት።

«እኔ አልተሸከምኩም፣ እማሆይ። መኪና ስጠብቅ ነበር» አለ።

እማሆይ ፊታቸውን አዞሩ። ምርቃቱ እዚያ ላይ ቀረ።

በሬዎቹን የሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። የነፍስ አባቱ ቄስ ገብረ ሕይወት ለምን እንዲህ እንዳደረገ ቢጠይቁት፣ ጂፗ ቆማ አየኋት፣ ገዛኋት አላቸው። ቄሱም በበሬ በቅሎ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጉዳዩ ይገባቸው እንደነበር ተናገሩ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ግን ሰው ላኩበት። ልጄ ሳይለቀስላት፣ ሳይበላላት ቀረች፤ በዚያ ብረት ደጄን እንዳይረግጥ፣ እኔም ብሞት በሷ አልሳፈርም ብለዋል ተባለ። ገደፋው መልእክቱን ሰማ። ሊከፋው እንደሚገባ ያውቃል፤ አልከፋውም። ይህ ነው የሚያስፈራው፣ ማስፈራቱም ቢሆን ከሩቅ ነው።

ከጂፕ ጋር መኖር ከአማት ጋር እንደመኖር ነው፤ ጠዋት በምን ስሜት እንደምትነሣ አይታወቅም። የሞተር ማስነሻ ብረቷን፣ ማኒቬላዋን፣ አሥሬ ካላዞሩላት አትነሣም፤ ከተነሣች ደግሞ ቁልቁለት ላይ ካልሆነ ማጥፋት አያዋጣም። ዝናብ ሲጥል በተቀደደው ሸራ ገብቶ የሾፌሩ ጭን ላይ ይጠራቀማል። የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ ትታቀፍ ጀመር፤ ገደፋው ዝም አላት። የሰንበት ከሰዓት ወደ ፈጠም ወርዶ ጂፗን ያጥባታል፤ ካጠባት በኋላ መሪውን ይዞ እስኪመሽ ይቀመጣል። ምን ያስባል ብትሉ፣ ምንም።

በሽተኛ ግን ይመጣበት ጀመር። ማንም ይቅርታ ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያማክረው፣ ምጥ የጠናባት፣ እባብ የነደፈው፣ ከዛፍ የወደቀ ሁሉ ደጁ ይደርሳል፤ እሱም አንዱንም አልመለሰም። ሐሜቱ ሌላ፣ መሳፈሩ ሌላ። ቃሬዛው ተረሳ፤ ወጋግራዎቹ የአንዱ ሰው አጥር ሆኑ።

ሕጉ ግን አልተረሳም። ጂፗ በሽተኛ ይዛ ስታልፍ መንገደኛው ያው እንደ ጥንቱ ዞሮ ይከተላታል። ትከሻ የሚያስገባበት ስላጣ መዳፉን በጎኗ ላይ ያሳርፋል፤ እንዲህ ብረቱን እየነካ ጥቂት ይሸኝና ለሌላው ይለቃል። ሸኚን ጥሎ መፈትለክ ነውር ነውና ገደፋው በሰው እርምጃ ልክ ይነዳል። ነገሩን ያየው ዓለምብርሃን የሸጥኩለትን መኪና በሬ አደረጋት ብሎ ቡሬ ላይ ሲስቅ ከረመ። ይሳቅ። እሱ እዚያ አገር አልተወለደም።

ነሐሴ ገባ። በፍልሰታ ጾም መካከል ቸኮለ የሚባለው ጎረቤቱ፣ ያን ጊዜ የቃሬዛው ተሸካሚዎች አውራ የነበረው ሰው፣ በዝናብ ሮጦ መጣና እማሆይ ወለተ ሥላሴ መውደቃቸውን ነገረው። ንዳድ ነው፤ ሰውም አይለዩም። ገደፋው ማኒቬላዋን አዞረ። በአንድ ዙር ተነሣች። እማሆይ እምቢ ለማለት አቅም ቢኖራቸው ኖሮ እምቢ ባሉ ነበር፤ አልነበራቸውም። በቁርበት ጠቅልለው ከኋላ አስተኟቸው፤ ራሳቸውን እንድትደግፍ የቸኮለ ሚስት ሲሳይነሽ አብራ ገባች።

ሰዎች እንደ ልማዳቸው ከየጎጆው ወጥተው ይጠብቁ ነበር። የገደፋው እግር ግን የዚያን ቀን የራሱን ሥራ ሠራ። ልቡ ፈራ አልልም፤ ልቡ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። እግሩ ነው ነዳጁን የረገጠው። መዳፉን የዘረጋውን ሁሉ እየጣለ አለፈ። ቄስ ገብረ ሕይወት ከቅዳሴ ሲመለሱ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው ዞሩለት፤ በጭቃ ከራስ እስከ እግር ለውሷቸው ሄደ። ሲሳይነሽ ከኋላ ቀስ እንዲል ለመነችው። እሱ የሚያየው ግራሯን ብቻ ነው፤ ከዚያች ግራር ሕይወት ያለው ሰው ይዞ ማለፍ አለበት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ከጥርጊያው መንገድ ወዲህ አንድ ረግረግ አለ። ሌላ ጊዜ በሸኚዎቹ እርምጃ ሲያልፍ፣ ከፊት የሚሄዱት ሰዎች በእግራቸው እየመረመሩ ደረቁን ያሳዩት ነበር። ዛሬ የሚያሳየው የለም። ጂፗ ዘላ ገባችና ሆዷ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ትንሿን ማርሽ አስገባ፤ አራቱም ጎማ ዞረ፣ አራቱም ጎማ ጭቃ ተፋ። ወዲያ ቢረግጥ ወዲህ ይበልጥ ሰመጠች። ሞተሩን አጠፋው። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ይሰማል፤ በአካባቢው ማንም የለም፤ ሰው ሁሉ እሱ በጣለበት ቦታ ነው ያለው። ወርዶ በእጁ መቆፈር ጀመረ። ቆፈረ፣ ሞላበት፤ ቆፈረ፣ ሞላበት።

ከዚያ መጡ። ከዝናቡ ውስጥ አንድ በአንድ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ የጣላቸው ሁሉ መጡ። ከፊት ቸኮለ ነበር፣ ከኋላ ጭቃ የለበሱት ቄስ ገብረ ሕይወት። ገደፋው ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ቄሱ በቁጣ ፈንታ ጃንጥላቸውን ለሲሳይነሽ አቀበሏትና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ከቃሬዛ ፊት አይሮጥም፣ ልጄ» አሉት። 

በመጀመሪያ እማሆይን አውርደው በእጅ ለማሻገር አሰቡ። እማሆይ ግን ጣታቸውን በወንበሩ ብረት ላይ አቆላልፈው ያዙ። በንዳዱ መካከል፣ ልጄን ያስቀመጣችሁበት አታስቀምጡኝ፣ ከዚህ አልወርድም ይላሉ። ብሞት አልሳፈርም ያሉት ሴት አሁን አልወርድም አሉ። ቢጎትቷቸው አልላቀቅ አሉ፤ ዝናቡም በረታ። ቸኮለ የዕቃ ክብደት እንደሚገምት ሰው ጂፗን ዞሮ ዞሮ አያት። ከዚያ መጥረቢያ የያዙትን ወጋግራ የሚሆን እንጨት እንዲቆርጡ በአቅራቢያው ወዳለው ባሕር ዛፍ ላካቸው።

ወጋግራዎቹ ከፊትም ከኋላም ከሆዷ ሥር ገቡ። ወንዱ ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ ጎንበስ አለ። ገደፋው መሪውን ይዞ ይቀመጥ ዘንድ አንዱ ነገረው፤ አልሰማውም። በእማሆይ ራስ በኩል ሄደና ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ። ቸኮለ የእመቤታችንን ስም ጠራ፣ ሰዎቹም ተቀበሉ፣ ጂፗም ከጭቃው ተላቅቃ ተነሣች።

ክብደቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ገደፋው አመመው። ቆዳው ተገሸለጠ፤ ከጥቅምት ወዲህ አንድ ነገር ሲያመው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ሰው ሊቀበለው ትከሻውን ሲያቀርብ አልለቀቀም። ሁለተኛም መጣ፤ አልለቀቀም። እንደ ሕጉ መቀያየር ነበረበት፤ ማንም ግን አልተቆጣውም። ጥርሱን ነክሶ ከረግረጉ ወጣ፣ ዳገቷን ወጣ፣ ጥርጊያው መንገድ ዳር ደረሰ። ቸኮለ አውርዱ አለ። ጂፗ አራት ጎማዋን ከግራሯ ሥር ቀስ ብላ አሳረፈች፤ በዚያችው ቦታ።

ሰው ሁሉ ያን ቀን አስታውሶ ነበር፤ አንድ ሁለቱ ሳያውቁት እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄዶ መለሱት።

እማሆይ ዓይናቸውን ገለጡ። ንዳዱ ለጥቂት ጊዜ ለቀቅ አድርጓቸው ይሁን ወይም ጨርሶ ወስዷቸው ይሁን አይታወቅም፤ ግራሯን አዩ፣ ጭቃ የለበሱትን ወንዶች አዩ፣ መጨረሻ ላይ በራሳቸው በኩል የቆመውን አማቻቸውን አዩት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀድዶ ደም ይታያል።

«አንተስ» አሉት፣ «ከየት እስከ የት ተሸከምክ?»

ገደፋው ወደ ኋላ ዞሮ የመጣበትን መንገድ ተመለከተ።

«ከረግረጉ እስከ ግራሯ፣ እማሆይ» አለ።

«ትከሻህ አይድከም።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። የጂፗን ጎን ተደግፎ፣ መዳፉን እዚያው ሰዎች በሚያሳርፉበት ቦታ አሳርፎ፣ በስሟ እየጠራት አለቀሰ፤ ያይኔአበባ፣ ያይኔአበባ። ወንዶቹ ዘወር ብለው ዝናቡን ያዩ ጀመር። ቸኮለ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና ማኒቬላውን ከወንበር ሥር አወጣ። ሞተሩ በስንት ልመና ተነሣ።

ቄስ ገብረ ሕይወት ገደፋውን ክንዱን ይዘው ወደ መሪው አደረሱት። እኛ የምንሸኘው እስከዚህ ነው አሉት፤ ከዚህ ወዲያ ያንተ ተራ ነው፣ አሁን ሩጥ። እያለቀሰ ማርሽ አስገባ። በማንኩሳ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ እማሆይ ከኋላ ሆነው አንዴ ቀስ በል፣ አንዴ ፍጠን እያሉ እስኪደርሱ ድረስ ተቆጡት።