ሙሉብርሃን የጻፋት መስመር

ሙሉብርሃን ፊት ፒኤችፒ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ያማ ሰው ሻዩን በሰላም አይጨርስም። ደብረ ማርቆስ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ የተማሪዎች መዝገብ የሚሠራበትን ፕሮግራም ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚህ ቋንቋ ብቻውን ጽፎታል፤ ያውም ስህተት በማይጠቁም ተራ መጻፊያ፣ በኖትፓድ። ከእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ ደግሞ «ሙሉብርሃን ጻፈው» የምትል ማስታወሻ አለች። ሰውዬው ሥራውን ይወዳል፣ ስሙንም እንዲሁ።

ዘንድሮ የተቀጠረችው ሂዊ ግን ፓይተን የሚባለው የሌላው ቋንቋ ሰው ናት፤ ያንኑ መዝገብ በእሱ እንደ አዲስ ጽፋዋለች። ስህተቷን ገና ስትጽፈው በቀይ የሚያሰምርላት፣ የለወጠችውን ሁሉ ከነቀኑ የሚያስቀምጥላት መሣሪያ አላት። በሻይ ሰዓት ሁለቱ ካልተከራከሩ ቀኑ አይመሽም።

«ጋሼ፣ የትኛው ለውጥ መቼ እንደገባ ሳያውቁ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«እኔ በሬዬን አውቀዋለሁ። ያንቺ ኔትወርክ ሲጠፋ እንየው» ይላታል። «ደግሞስ ቋንቋ መቼ ይሳሳታል? የሚሳሳት ሰው ነው።»

ሻይ የምታቀርበው ጤናዬ ይህን እየሰማች ብርጭቆውን ፊቱ ታስቀምጥና ቀና ብላ ሳታየው ትመለሳለች። ከሌላው ሁሉ ጋር ትጫወታለች፤ ለእሱ ብቻ ፊቷ አይፈታም። አመሏ ነው ብሎ ትቶታል።

የተመራቂዎች ስም የሚለጠፍበት አርብ ደረሰ። የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ አለበል ሁለቱም ፕሮግራሞች ዝርዝር እንዲያወጡ አዘዋል፤ የተሳሳተው ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። የሙሉብርሃን አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም አወጣ። የሂዊ አራት መቶ አሥራ ሦስት።

«ያንቺ ፕሮግራም ሰው መፍጠር ጀመረ?» አሉ አቶ አለበል ሁለቱን ወረቀት እያስተያዩ። ትርፏ ስም ሥራነሽ ገዳሙ አንተነህ ናት፤ በሂዊ ዝርዝር ላይ ሁለት ጊዜ ትገኛለች።

«ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች ሂዊ። «መታወቂያ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። አንዷ የደምበጫ ልጅ፣ አንዷ የጉንደ ወይን።»

«የራሷ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ሦስቱም ገጥሞ? ጸሐፊዎቹ ሁለቴ መዝግበዋት ነው። የጉንደ ወይኗን ደውለሽላታል?»

«ስልኳ አይሠራም።»

«እንግዲያው አንዷ ትሰረዝ። ዝርዝሩ አሥር ሰዓት ላይ ይለጠፋል፤ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን። ሙሉብርሃን፣ አንተ ምን ትላለህ? ያንተ ቃል ይበቃኛል።»

ሙሉብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። አንዷን ስም የጣለችውን የፕሮግራም መስመር አገኛት። ድሮ ጸሐፊዎቹ አንድ ተማሪ ሁለቴ እየመዘገቡ ሲያስቸግሩት የጻፋት ናት፤ ሦስቱ ስም ከገጠመ የመጀመሪያዋን ትይዛለች፣ ሁለተኛዋን ትጥላለች። መታወቂያ ቁጥር አታይም። ከበላይዋ «ሙሉብርሃን ጻፈው» ይላል።

«ትሰረዝ» ቢል ሂዊ ታፍራለች፣ ዘጠኝ ዓመት የደከመበት ሥራ ይተርፋል። የማያውቃት አንዲት ልጅ ደግሞ አራት ዓመት ተምራ ስሟን ከሰሌዳው ላይ ታጣለች። ክፉ ነገር ሲቀርብ እንዲህ ቀሎ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ። ሂዊ ዓይኗ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

«አትሰረዝም» አለ። «ሁለት ሰዎች ናቸው። እንድትጠፋ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ፒኤችፒ ምንም አላጠፋም፤ እንዲህ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

አቶ አለበል በሂዊ ዝርዝር ላይ ፈረሙና ማኅተሙን መቱበት። «ያንተው ሰኞ ይዘጋል» ብለው ወጡ።

ሂዊ አልፎከረችም። «ጋሼ፣ ሻይ እንጠጣ» ብቻ አለችው። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«ይህቺ መስመር ዘጠኝ ዓመት ኖራለች» አለ። «ያንቺን ፕሮግራም በድሮዎቹ ተመራቂዎች ላይ አስኪጅው።»

«ሰኞ ብናየውስ?»

«አሁን።»

መስመሯ የጣለቻቸው ሦስት ስሞች ወጡ። ሁለተኛው ከስድስት ዓመት በፊት የተጣለ ነው፤ ጤናዬ ቢምረው ይስማው።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። የፈተና ወረቀቷን በእጇ ይዛ በሩ ላይ የቆመች ቀጭን ልጅ። ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ፕሮግራም አድልዎ አያውቅም፤ ያልተፈተንሽው አንቺ ነሽ» ብሎ መለሳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ረስቷት በየቀኑ ሻይዋን ሲጠጣ ኖሯል።

ገጹን አትሞ ወደ ሻይ ቤቱ ወረደ። ጤናዬ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር፤ ስታየው ፊቷን አዙራ ሻይ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«ሻይ አይደለም» አላት። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አኖረላት። «ውጤትሽ ነበር፣ ጤናዬ። ስምሽ ከሌላ ልጅ ስም ጋር ገጥሞ ፕሮግራሜ ጣለሽ። ተፈትነሽ ነበር። ፈተናውንም አልፈሽ ነበር። ሰኞ ከአቶ አለበል ዘንድ አብረን እንገባለን።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው። እንድትሰድበው ጠበቀ። ቢሰደብ ይቀለው ነበር።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ኋላ ኋላ እውነትም ሳልፈተን ቀርቼ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር።»