ሙርሺዳ ለተወዳዳሪው ያቀረበችው ጥያቄ

የኮሮናው ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ ምርጫ ደርሷል። ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ከስደተኛዋ ሙርሺዳ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አንድ ተወዳዳሪ መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳል።

«የውጭ ዜጎች ሱቅ ቢዘጋ ለልጆቻችሁ ሥራ ይከፈታል» አለ።

ባሏ ፈሪድ በሩን ሊዘጋ ተነሳ። «ተወው» አለችውና ማስኳን አስተካክላ ወጣች።

«አምና በኮሮናው ሱቃችን ተዘግቶ ከርሟል» አለች በዙሉ ቋንቋ፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ያኔ ሥራ ያገኘ ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። ተወዳዳሪው የቅስቀሳ ሙዚቃውን ከፍ አስደረገ። አንድ ጎረምሳ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ብሎ ሰደባት። እሷ ግን ከደጇ ንቅንቅ አላለችም።

መኪናው ሲሄድ ፈሪድ «ለዛሬ እንኳን እንዝጋ» ብሎ ለመናት።

«አንዘጋም» አለችና ዳቦ ለሚጠብቁት ደንበኞቿ መሸጥ ጀመረች።