የተጨበጨበለት ቃል

«የጃንሆይ ሹም ናቸው ያጨበጨቡለት» አለች እናቱ፣ ከቦኖሻ ለመጡት ለቀስተኞች። «ያውም በሕዝብ ፊት፣ ቆመው።»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አክሊሉ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የሰሌኑን ጫፍ በጣቱ ይፈትላል። አባቱ ላምቤቦ ከተቀበረ ወዲህ እናቱ ይህን ነገር ለመጣ ሰው ሁሉ ታወራለች፤ ጠዋት ለመጣው ጠዋት፣ ማታ ለመጣው ማታ። ሌላዋ ሴት ባሏ ስለተወላት ከብት ታወራ ይሆናል፤ እሷ የምታወራው ስለ ጭብጨባው ነው። ባወራች ቁጥር ደግሞ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አማርኛ የሚሰማው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። የአክሊሉ ሚስት ሣራ ድንገት ሥራ ይበዛባትና የንፍሮውን ሰፌድ አንስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። የሟቹ የዕድሜ ልክ ባልንጀራ ሽማግሌው ኤርጊቾ፣ በወጣትነታቸው እስከ አዲስ አበባ ቅቤ እየጫኑ ሲነግዱ አማርኛ የለመዱት፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ስለ ዝናቡ ያነሳሉ።

እናቱ አማርኛ አታውቅም። አባቱም አያውቅም ነበር። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አክሊሉ የመንግሥት ቱርጁማን ነው። ባላገሩ በሀዲይኛ የሚለውን ለሹሙ በአማርኛ፣ ሹሙ የሚሉትን ለባላገሩ በሀዲይኛ ያደርሳል። በሆሳዕና ከተማ ኮት ለብሰው ከሚታዩት ጥቂት የአገሩ ተወላጆች አንዱ ነው። ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሲነሱለት ደስ ይለው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስቀል ሰሞን፣ አዲስ የተሾሙት ግራዝማች ወልደ ሰንበት የአገሩን ሽማግሌዎች ደመራው ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። ግራዝማቹ ነገር ማወቅ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ክፋት አልነበረበትም። በእሳቸው አገር ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ እንደሚበራ፣ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ቤት እንደሚዞሩ፣ የደመራው እሳት ደግሞ ንግሥት እሌኒ በጢስ እየተመራች መስቀሉን ካገኘችበት ጊዜ የመጣ መሆኑን አጫወቱና፣ «እናንተም በዘመን መለወጫችሁ፣ በያሆዴ ዋዜማ፣ ችቦ ታበራላችሁ አሉ። እናንተስ ከየት አመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ ያለው ላምቤቦ ዘንድ ነበር። በያሆዴ ዋዜማ የሰፈሩን የመጀመሪያ ችቦ የሚለኩሰው እሱ ነው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ባጠራቀሙት ቅቤ አታካናውን፣ ያንን የቡላና የወተት ገንፎ፣ ሠርተው ሲጠብቁ፣ ከመቅረቡ በፊት የእሳቱን አመጣጥ የሚተርከውም እሱ ነው። እናም ተነሳ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ሹሙን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ጀመረ።

«ይህ እሳት እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነበረ» አለ በሀዲይኛ።

አክሊሉ ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አልሰማም። ይህን ለአዲስ ሹም ምን ብሎ ያደርሰዋል? ተናጋሪው ሌላ ሰው ቢሆን «ይላል» ብሎ ይገላገል ነበር፤ የገዛ አባቱ ሲሆን ግን ጥፋቱ የቤት ነው። ኮቱም፣ እንጀራውም፣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለትም ነገር ባንድ ቃል ሊሄድ ነው። አባቱ እጁን እያወናጨፈ ሲተርክ፣ ልጁ በሆዱ ሌላ ነገር ያበጃጅ ነበር። ላምቤቦ ጨርሶ ዝም ሲል አክሊሉ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፤ «እኛ በጨለማ ነበርን። እሳቱን ያመጣችሁልን፣ ማብራቱንም ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ፣ ይላል።»

ግራዝማቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሜዳው ሁሉ አጨበጨበ። ላምቤቦ እውነቱን በሹም ፊት ተናግሮ የተከበረ መስሎት ፊቱ በራ። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ፣ እኔ እኮ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ለካ እውነት በደንብ ከተነገረ ማንንም አያስቆጣም እያለ ልጁን ይመክረው ነበር። አክሊሉ እሺ አባባ፣ እሺ አባባ እያለ ተከተለው። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

አማርኛ የሚያውቁት ለሽማግሌው ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ ግን ያንን ፊት አይቶ ማን አንጀቱ ችሎ ይንገረው? ለላምቤቦ አዝነው አፋቸውን ዘጉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የአክሊሉ ግን እያደር ከበደ። አባቱ በየያሆዴው ታሪኩን ሲጨርስ፣ «ይህንን መንግሥትም ሰምቶ አጨብጭቦለታል» የምትል ነገር ጨመረበት። ልጁም ሥራ በዛብኝ እያለ በያሆዴ ዋዜማ ቤት መምጣቱን ተወ። አባቱ ሥራ መብዛቱን ለሰው በኩራት ይናገር ነበር፤ ይህም ልጁን የሚቆርጥ ሌላ ስለት ሆነበት።

እንግዲህ ላምቤቦ የሞተው ያሆዴ ሲቃረብ ነው። ከለቀስተኛው መካከል በሹክሹክታ ጥያቄ ተነሣ፤ የሚለኩሰው ሰው ሞቶ፣ ቤቱም ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ዘንድሮ ችቦ ይበራል ወይ? እናቱ ሰማችና ቆረጠችው። የበኩር ልጁ እያለ የላምቤቦ እሳት አይጠፋም፤ አክሊሉ ይለኩሳል፣ ታሪኩንም እንደ አባቱ ይናገራል አለች። ለቀስተኛው ደግ ብለሻል አላት። አክሊሉም አንገቱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ሊል?

ኤርጊቾ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ወሰዱት። ያሆዴ ከመግባቱ በፊት የተጣላ እንደሚታረቅ፣ የበደለም በደሉን እንደሚናገር፣ ክፉ ነገር በሆዱ ይዞ ችቦ የለኮሰ ሰው እንደሌለ አስታወሱት። እሱም ያውቀዋል።

«እኔም ሰምቼ ዝም ያልኩ ነኝና አልፈርድብህም» አሉ። «ለእናትህ ግን አንተው ንገራት። ከሰው አፍ እንዳትሰማው።»

እሺ አለ። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ገባና ከአንጋጫ ከመጡ ለቀስተኞች ጋር ስታለቅስ አገኛት፤ ለነገ አለው። በነጋታው ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ነበረች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው፤ በለቅሶም አይታሽም። እናትየው በበኩሏ ልጇ የማይበላ የማይጠጣው በሐዘን መስሏት በየሰዓቱ እየተነሳች ታጎርሰው ነበር።

እንዲህ እያለ ሳለ ግራዝማች ወልደ ሰንበት ራሳቸው ለልቅሶ መጡ።

ቤቱ ተተራመሰ። ወንበር ከየት ይምጣ? ጎረቤት ተሮጦ መጣ። ግራዝማቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሐዘንተኛዋን እጅ ነሱና ተቀመጡ። እንደ ደንቡም እግዜር ያጽናችሁ አሉ። ወዲያው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን ከልባቸው ያዘኑ ሰው ነበሩና ሟቹን ማመስገን አማራቸው። ላምቤቦን መቼም እንደማይረሱት፣ ስንት የተማረ ሰው የማይለውን ያ ባላገር ተነስቶ እንደተናገረ፣ «እኛ በጨለማ ነበርን፣ እሳቱን ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ» ያላትን ቃል በሄዱበት ሁሉ እንደሚያወሷት ተናገሩ። ሣራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኤርጊቾ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በል ተርጉምላት» አሉ ግራዝማቹ። «ባሏ የተናገረውን ትስማ፤ መጽናኛ ይሆናታል።»

እናቱ ፊቷ ፈክቶ ወደ ልጇ ዞረች። የባሏን ስም ሰምታ ስለ ጭብጨባው እንደሆነ ገምታለች። «ምን አሉ?» አለችው።

አክሊሉ ተነስቶ ቆመ። ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ቀላል መንገድ ነበረው። የአባቱን የራሱን ቃል፣ ያንን «እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነበረ» የሚለውን፣ ሹሙ የተናገሩት አስመስሎ በሀዲይኛ ቢነግራት እናቱ እልል ትላለች፤ ግራዝማቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አማርኛ የሚያውቁትም እንደ ለመዱት መሬት ያያሉ። አንድ ውሸት ብቻ ነው። አፉን ከፈተ፤ እናቱ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር። አልሆነለትም።

በሀዲይኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ያለውን አንድ በአንድ ነገራት። ሹሙ አሁን ያሉትን፣ ያን ቀን አባቱ ያለውንና እሱ የለወጠውን፣ ጭብጨባው ለማን እንደነበረ። እየተናገረ ሳለ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻው ላይ የሚሰማው እንደ ልጅ ሹክሹክታ ነበር።

«አባትህ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?» አለች።

«አዎ፣ አማ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ብትረግመውስ ይሻለው ነበር። በአገጯ ወደ ግራዝማቹ አመለከተችው።

«ሰውየው ገና አልሄዱም» አለች። «አባትህ ያለውን ንገራቸው።»

ግራዝማቹ ነገሩ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያዩ ነበር። አክሊሉ ዞረ።

«ጌታዬ፣ አባቴ እንደዚያ አላለም» አለ። «ያንን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ። አባቴ ያለው፣ ይህ እሳት እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነበረ ነው።»

ግራዝማቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ቀጥል» አሉ።

ቀጠለ። ድሮ ክረምት ሲገባ ወንዙ እየሞላ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጥ እንደነበር፣ አንዲት እናት ልጇን ከወንዙ ማዶ ድራ ክረምቱን ሙሉ ትኑር ትሙት ሳታውቅ እንደከረመች ተናገረ። ሰማዩ ሲጠራ ወንዙ ገና አልጎደለም ነበር፤ ሴትየዋ ድምጿ ባይደርስ እሳት ይደርሳል ብላ ችቦ አስራ ጋራው ላይ ወጣች። ለኮሰችና «ያሆዴ!» ብላ ተጣራች። ከዚያ ቆማ ማዶ ማዶውን ማየት ጀመረች።

እዚህ ላይ አክሊሉ ትረካውን አቆመ።

«ከዚያስ?» አሉ ግራዝማቹ።

አክሊሉ ወዲያ ወዲህ አለ። ልጅ ሳለ አባቱ ሲተርክ ችቦውን ይዞ ለመሮጥ እየቸኮለ እዚህ ላይ ሲደርስ ሾልኮ ይወጣ ነበር። ኋላ ለትምህርት ሄደ። በደመራው ሜዳ ደግሞ አባቱ ያንን ሲናገር እሱ ውሸቱን ያበጃጅ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የአባቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም።

«አላውቀውም፣ ጌታዬ» አለ።

ከቅድሙ ሁሉ ይህ ባሰ። ቅድም ያፈረው በሠራው ነበር፤ አሁን በገዛ አባቱ ቤት እንደ እንግዳ ቆሞ አፈረ። ግራዝማቹ ሲነሱ ሰው ሁሉ ተነሳ። ቁጣ ይጠበቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ያን ቀን ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ሰው ሲያመሰግን እንደዚያ ዓይን ለዓይን አያይም። ምስጋናው ጣፈጠኝና ተውኩት።» በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ አሉ። «ሐዘንህን ጨርስ፤ ስለ ሥራህ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ታሪኩን ግን ይዘህ ና።»

ሹሙ ሲወጡ ለቀስተኛውም አንድ በአንድ ወጣ። ኤርጊቾ ሲያልፉ ትከሻውን ነካ አድርገውት ሄዱ፤ ሣራም ወደ ጓዳ ገባች። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣለች። አክሊሉ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ ሊቀመጥም ሊወጣም አልደፈረም።

«አማ» አለ። «ከዚያስ?»

የሰማችው አልመሰለውም። ድጋሚ ለመጠየቅ ደግሞ አፍ አልነበረውም። በኋላ ግን ፊቷን ሳትመልስ ጀመረች።

«ልጅቷ በክረምቱ ሞታ ነበር» አለች። «የማዶ ሰዎች የእናትየዋን እሳት አዩ። የልጇን ደጅ ጨለማ እያየች እንዳታድር ብለው ሁሉም በየደጁ ችቦ አበራ። የትኛው የልጇ ደጅ እንደሆነ እንዳትለይ። እሷም ልጄ አለች ብላ ደስ ብሏት አደረች። ወንዙ ሲጎድል ግን ተሻግረው መጡ። ተሰብስበው፣ ፊት ለፊቷ ቆመው፣ እውነቱን ነገሯት። አብረዋትም አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም ቤት የሚያበራው። አባትህ ያላቸው ይህንን ነው።»

አክሊሉ እንባው ወረደ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ እስካሁን ለማልቀስም ፊት አልነበረውም።

እናቱ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አለችለት። ዞራ ግን አላየችውም።